የአውራ ጣቱ አቅጣጫ

ሊበን ፎቶግራፌን መስኮቱ ላይ ባይሰቅለው ኖሮ ስለ ተራራው ማንም አይጠይቀኝም ነበር።

ሊበን ኬንያ በኩል ባለችው ሞያሌ፣ ዋናው መንገድ ዳር ፎቶ ቤት አለው። ከስሪላንካ ስመለስ ፎቶዎቼን እንዲያጥብልኝ ሰጠሁት። አንዱን ወደደውና ሳይጠይቀኝ በትልቁ አጥቦ ለማስታወቂያ ሰቀለው። በግራ በኩል አንዲት ሙሽራ፣ በቀኝ በኩል ሙሉ ልብስ ለብሶ የሚያለቅስ ሕፃን፣ መሐል ላይ እኔ። ነጭ ቀሚስ፣ ነጭ ሻሽ፣ እጄ ላይ ሐምራዊ አበባ፤ ከኋላዬ ደግሞ እግሩን አጣጥፎ፣ ዓይኑን ጨፍኖ የተቀመጠ ትልቅ የድንጋይ ሰው።

እንዲያወርደው ልለምነው ሄድኩ። በሩ ላይ ቆሜ አንድ ደንበኛ እስኪወጣ ጠበቅሁ፤ ሌላ ገባ፤ እሱንም ጠበቅሁ።

"ነጩን እይው እስቲ" አለኝ ሊበን በመጨረሻ። "እዚህ አገር እንዲህ ያለ ነጭ ወጥቶ አያውቅም። አቧራው መቼ ያስወጣዋል!"

"ሊበን፣ እባክህ።"

"አንድ ሳምንት ብቻ። ትናንት ሴቶች መጥተው 'እንደ ሳጂዳ አንሳን፣ ከነሰውዬው' ብለውኛል። ሰውዬውን ከየት ላምጣላቸው?"

አልተከራከርኩም። መከራከር አይሆንልኝም። ሐዋሳ ዩኒቨርሲቲ ስማር ክፍል ውስጥ እጄን ያነሳሁት መስኮት ለመዝጋት ብቻ ነው።

ዓርብ ከጁምዓ መልስ ወሬው ሐጂ አብዱብ ዘንድ ደረሰ። የሐጂ አብዱብ ሱቅ ከአባቴ ሱቅ ጎን ነው፤ ጨርቅና ሩዝ ይሸጣሉ። መካ ሁለት ጊዜ ደርሰዋል። ከእኔ በፊት በሰፈራችን ባሕር የተሻገረ እርሳቸው ብቻ ስለነበሩ፣ ከጉዞ ስመለስ "እንኳን ደህና መጣሽ" ያሉኝ ፊታቸውን ወደ ሩዙ አዙረው ነበር።

"ሙከሚል!" አሉት አባቴን፣ መንገደኛው እንዲሰማ መንገዱ ላይ ቆመው። "ልጅህ ለጣዖት አበባ ይዛ ቆማለች።"

"ፎቶ ነው እኮ፣ ሐጂ።"

"ፎቶ መሆኑንማ አየሁ። ሥዕል ቢሆን ሰዓሊው ዋሸ እንል ነበር።"

ነገሩ በሌላ ጊዜ ቢመጣ ኖሮ አንገቴን ደፍቼ አሳልፈው ነበር። ጊዜው ግን መጥፎ ነበር። ዓመቱ እንደ ፈረንጆቹ 2007 ነው፤ ዝናብ ዘግይቶ ሰው ሁሉ ሰማይ ሰማይ ያያል። እኔ ስሪላንካ የሄድኩት ስለ ድርቅና ስለ ከብት በሚሰጥ ሥልጠና ነበር። ሥልጠናው ሲያልቅ ካንዲ ከተማ ያለ ዩኒቨርሲቲ ለሁለተኛ ዲግሪ ተቀበለኝ፤ ሁለት ዓመት፣ ወጪው በሙሉ በላከኝ ድርጅት። መልሴን እስከ ሰኞ ካላወቁ ቦታውን ለሌላ ይሰጡታል። አባቴን ስጠይቀው "እናያለን" ይለኛል። "እናያለን" ዋጋ ቀንስ ለሚሉት ደንበኞች የሚሰጣት መልስ ናት፤ ቀንሶ አያውቅም። እምቢ ካለ የሚጠብቀኝ ከባንኮኒው ኋላ ያለው በርጩማ ነው። በርጩማው ክፋት የለውም። ነገር ግን እሱ ላይ ተቀምጦ የሚታየው የሐጂ አብዱብ ሩዝ ብቻ ነው።

አባቴ ደግሞ ሰው የሚለውን ይፈራል። እሑድ ከዐሥር ሶላት በኋላ በፎቶውና በመሄዴ ጉዳይ ሽማግሌ እንዲቀመጥ ጠራ፤ "የሚሉትን እቀበላለሁ" ብሎም አስቀድሞ ቃል ሰጠ።

"ሽማግሌ ያልከው ሐጂ አብዱብን ነው?" አለችው እናቴ ሙጂባ።

"ምዜ ጋልጋሎንም ጠርቻለሁ።"

"ጋልጋሎ ስለ ከብት እንጂ ስለ ልጅ ምን ያውቃሉ?"

"ልጅሽስ የተማረችው ስለ ከብት አይደለም እንዴ?"

ምዜ በስዋሂሊ አዛውንት ማለት ነው፤ ጋልጋሎ የከብት ደላላ ናቸው። ያለ እርሳቸው እጅ በሬ አይሸጥም። በወጣትነታቸው ግን ስማቸው የታወቀው በዱካ ነበር። ከኦቦ እስከ ሶሎሎ ባለው አገር የጠፋ ከብት ሁሉ እርሳቸው ይከተሉት ነበር። ኮቴውን አይቼ ላሟ ማርገዟን እናገር ነበር ይላሉ፤ ሐሰት ነው የሚል ሰው የለም፤ የሚያስተባብሉት እኩዮቻቸው ሞተዋል።

እሑድ ከሱቁ ኋላ ባለችው መጋዘን ተቀመጡ። ሐጂ የስኳር ጆንያ ላይ፣ ምዜ ጋልጋሎ ከፍ ባለው የጨው ጆንያ ላይ። ሐጂ ከፍታውን አዩና ተነስተው ሌላ ጆንያ በላዩ አስደረቡ። እኔ በሩ አጠገብ ምንጣፍ ላይ ተቀመጥኩ። እናቴ እንድትገባ አልተጠራችም፤ ከመጋረጃው ኋላ ግን ትንፋሿ ይሰማ ነበር። ማማ ሮዝ ሻይ ይዛ ገባች። ማማ ሮዝ የሶሎሎ ሰው ናት፤ ከሱቃችን ቀጥሎ ምግብ ቤት አላት፤ እሑድ እሑድ ቤተ ክርስቲያን የምትለብሰውን ቀሚስ እስከ ማታ አታወልቀውም። ሻይ ያመጣች ሴት እስክትወጣ ነገር አይጀመርም። ማማ ሮዝ ግን ሻዩን ቀድታ፣ ባዶውን ትሪ ጭኗ ላይ አድርጋ ቁጭ አለች።

"ሮዝ፣ እናመሰግናለን" አሉ ሐጂ።

"ሃያ፣ ምንም አይደል" አለች፤ ሃያ በስዋሂሊ እሺ ማለት ነው፤ ግን አልተነሳችም።

ሐጂ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። "እንግዲህ፣ አበባውን በተመለከተ..."

"ቆይ" አሉ ምዜ ጋልጋሎ። "ኦዱ ሳይነገር?"

ኦዱ ዜና ነው። በእኛ አገር ከሩቅ የመጣ ሰው መጀመሪያ ያየውን በተራ ይናገራል፤ ዝናቡን፣ ሣሩን፣ ከብቱን፣ ሰላሙን። እኔ ከመጣሁ ሰነባብቻለሁ፤ የጠየቀኝ ግን አልነበረም። ኦዱ የሚጠየቀው ወንድ ነው።

"ከሩቅ የመጣ ሰው በፊት ዜናውን ይሰጣል" አሉ ምዜ ጋልጋሎ። "ከዚያ ይከሰሳል። ዝናቡስ፣ ልጄ?"

"ይዘንባል" አልኩ።

"መቼ?"

"ሁልጊዜ።"

ምዜ ጋልጋሎ የሻይ ብርጭቋቸውን አስቀመጡ። "ሁልጊዜ ማለት?"

"ጠዋት ካልዘነበ ከሰዓት ይዘንባል።"

ወደ አባቴ ዞሩ። "ይህች ልጅ ድሮም እንዲህ ታጋንናለች?"

"ኧረ እሷ መናገርም አትወድ።"

"እሺ፣ ሣሩስ?"

"ሣር ሞልቷል። ተራራው ላይ ግን የተተከለው ሻይ ነው።"

"ከብቱስ?"

"ከብት ብዙ አላየሁም።"

"ዝናብ አለ፣ ሣር አለ፣ ከብት የለም።" ራሳቸውን ነቀነቁ። "ዋቃ ሲያድል አያይም። ሰላሙስ?"

"ጦርነት አለ።"

"እ!" አሉ ሁሉም ባንድ ድምፅ፤ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚያውቁት አገር ሆነላቸው።

"በውሃ ነው?"

"አይደለም።"

"በግጦሽ?"

"በ... በመሬት ነው መሰለኝ። በቋንቋም።"

"በመሬት" አሉ ምዜ ጋልጋሎ ረክተው። "ቋንቋው ለሰበብ ነው። አሁን ተራራውን ንገሪን።"

ነገርኳቸው። እኔ ስናገር አጭር ነው፤ እዚያ ያልኩት በሦስት ትንፋሽ ያልቃል። እዚህ ትንሽ ላስረዝመው።

በሥልጠናው ጊዜ ክፍል የተጋራኋት ልጅ ኒሉካ ትባላለች። ቡድሂስት ናት። "ከእናቴ ጋር ወደ ቅዱሱ ተራራ ልንሄድ ነው፣ ነይ" አለችኝ፤ እምቢ ማለት ስለማልችል ሄድኩ። ነጩንም ቀሚስ ያዋሰችኝ እሷ ናት። አብዛኛው ሰው ፀሐይ ስትወጣ ለማየት በጨለማ ይወጣል፤ የኒሉካ እናት ግን ጨለማ ስለሚፈሩ በቀን ወጣን።

መንገዱ ከታች እስከ ላይ ደረጃ ነው፤ ከደረጃው ግራና ቀኝ ሱቅ። ሰዎቹ ዓለም ከንቱ መሆኗን እያሰቡ ይወጣሉ፤ ዓለምም አብራቸው ትወጣለች። ብርድ ልብስ፣ የሱፍ ኮፍያ፣ የፕላስቲክ መኪና፣ ጣፋጭ፣ የቻይና ፔርሙስ። ፔርሙሱ አባቴ ሱቅ ያለው ራሱ ነው፤ ባለ ቀይ ጽጌረዳው። ወደ ላይ በወጣን ቁጥር ዋጋው አብሮን ይወጣል። አንድ መነኩሴ ብርቱካናማ ልብሳቸውን ሰብስበው በስልክ እየተቆጡ አለፉን። ስለ ምን እንደሚናገሩ ኒሉካን ስጠይቃት "ሾፌራቸው ጎማ ሳይቀይር መጥቶ ነው" አለችኝ።

የመከራ ሁሉ ሥር ምኞት ነው ብላ ያስተማረችኝም ኒሉካ ናት። ግማሽ መንገድ ላይ የነበረኝ ምኞት አንድ ብቻ ነው፣ መቀመጥ። መከራዬም በእርግጥ ከዚያው የመጣ ነበር። በዕድሜ ከእኔ በእጥፍ የሚበልጡ ባልቴቶች በባዶ እግራቸው ሲያልፉኝ ግን ለመቀመጥ አፈርኩ።

አንድ ነገር ወደድኩ። የሚወጣና የሚወርድ ሲተላለፍ "ካሩናዋይ" ይባባላል። ርኅራኄ እንደ ማለት ነው አለችኝ ኒሉካ። አንድ ቃል፤ በቃ። የማን ልጅ ነሽ የለ፣ ጎሳሽ ምንድን ነው የለ፣ እናትሽ ደህና ናት፣ ፍየሎቹ ደህና ናቸው፣ ጉንፋኑ ለቀቀሽ ወይ የለ። እንደ እኔ ላለ ሰው ይህ ታላቅ ሃይማኖት ነው። ሞያሌ ከቤቴ እስከ ሱቁ ለመድረስ ስንት ቤተ ዘመድ ደህና መሆኑን ማጣራት አለብኝ። እዚያ ግን ቀኑን ሙሉ ከማላውቀው ሕዝብ ጋር በአንድ ቃል ተግባባሁ፤ ከእኔ ሌላም የፈለገ ሰው አልነበረም።

አበባውን የሰጡኝ አንዲት አሮጊት ናቸው። የደረጃውን የብረት መደገፊያ በሁለት እጃቸው ለመያዝ ሲፈልጉ እጄ ላይ አኖሩት። ተሸክሜላቸው ስወጣ፣ ኒሉካ ከአንድ ሐውልት ፊት አቁማ ፎቶ አነሳችኝ። ወዲያው ፖሊስ መጥቶ ተቆጣን። ለቡድሃ ጀርባ ሰጥቶ ፎቶ መነሳት እዚያ አገር ነውር ነው።

ጫፉ ላይ ሰው ተሰልፏል። ጫማ ይወልቃል፤ ድንጋዩ ይቀዘቅዛል። ተራራውን ቅዱስ ያሰኘው የእግር አሻራ ያለበት ቦታ በጨርቅ ተሸፍኗል፤ ሰው ይደርሳል፣ ጎንበስ ይላል፣ ያልፋል። እኔ ለማየት ብቻ ጎንበስ አልኩ፤ ያየሁት ጨርቅ ነው። አሻራውን ቡድሂስቶቹ የቡድሃ ነው ይላሉ፣ ሂንዱዎቹ የአምላካቸው፣ ሙስሊሞቹ የአባታችን የአደም፣ ክርስቲያኖቹ የሐዋርያው የቶማስ። ጠባቂውን "እግሩ የታለ?" አልኩት፤ የማላውቀውን ሰው ስጠይቅ ያ የመጀመሪያዬ ነው። በእንግሊዝኛ መለሰልኝ። "እውነተኛው ከዚህ ዓለት በታች ነው። ማንም አያየውም። እኔም አላየሁትም። እለፊ።"

ይህን የጠባቂውን መልስ ለሽማግሌዎቹ አልነገርኳቸውም። እዚያ ሳልደርስ አቋረጡኝ።

"ጀርባሽን ሰጥተሽ ቆምሽ?" አሉ ሐጂ አብዱብ።

"አዎ፣ ሐጂ።"

"ነውር ነው አሉሽ?"

"ፖሊሱ በጣም ተቆጣ።"

ሐጂ አሰቡ። የመጡት ጣዖት አከበርሽ ሊሉኝ ነበር፤ እዚያው ፎቶ ላይ ደግሞ የናቅሁት ሆኜ ተገኘሁ። "አበባውስ?"

"የአሮጊቷ ነው።"

"የሰው ዕቃ ተሸከመች እኮ ነው" አለች ማማ ሮዝ። "ይህም ኃጢአት ከሆነ እኔ ትሪ ይዤ ሲኦል ልገባ ነው።"

"ሮዝ፣ አንቺን ማን ጠየቀሽ?"

"ሻዩን የጠየቀኝ ሰው የለም፣ ግን እየጠጡት ነው።"

ምዜ ጋልጋሎ ይህን ሁሉ አልሰሙም። ዓይናቸው መሬቱ ላይ ነበር። "የአደም እግር ነው ያልሽው?" አሉኝ ቀስ ብለው።

"የሚሉ አሉ።"

"ስንት እግር?"

"አንድ።"

"ሌላውስ የታለ?"

"እንጃ።"

"ግራ ነው ቀኝ?"

"ግራ ነው ይላሉ።"

"ይላሉ!" በዚያች ቃል ስሪላንካን በሙሉ አሰናበቷት። "ምን ያህላል?"

"ከሰው ቁመት ይበልጣል ይላሉ።"

"ጫማ ሻጩ ከበረ" አለች ማማ ሮዝ።

"አደም ቁመቱ ስልሳ ክንድ ነበር" አሉ ሐጂ አብዱብ። ድምፃቸው ተለወጠ። ያለ ማንም ግብዣ ወደ ፊት ተጠጉ። "ልክ ነው። የአደም ነው። ከጀነት ሲወርድ እዚያ ነው ያረፈው የሚሉ ዑለማዎች አሉ። ሐዋ ደግሞ ጅዳ ወረደች። በጅዳ አልፌያለሁ፤ ሁለቴ።"

"ቶማስም ሕንድ ሄዷል" አለች ማማ ሮዝ። "ሕንድ ከዚያ ማዶ አይደል? ሳያይ አላምንም ያለ ሰው፣ ተራራ አይቶ ዝም ብሎ አያልፍም። ይወጣዋል።"

"ቶማስ በዚህ ቁመት?"

"ጭቃ ከሆነ እግር ይሰፋል" አሉ ምዜ ጋልጋሎ። "እርጥብ መሬት ላይ የጥጃ ኮቴ የበሬ ይመስላል። ዝናብ አይቋረጥም አላለችም? መጠኑ ምንም አይነግረንም።" ሐጂ ከፋቸው። "ተራራው የማን ጎሳ ነው?" ብለው ምዜ ጋልጋሎ ደግሞ ወደ እኔ ዞሩ።

"የሁሉም ነው።"

"የሁሉም የሚባል የለም። ጠባቂው ማን ነው?"

"ቡድሂስት ነው።"

"የእሱ ነው እንግዲህ። ሌሎቹ አይወጉትም?"

"አይ። ሁሉም አንድ ሰልፍ ላይ ይቆማሉ።"

ባለፈው በጋ ከከተማው ወጣ ብሎ ባለ አንድ ኩሬ ሁለት ጎሳ ተጣልቶ መንገድ ተዘግቶ ነበር። ኩሬው ከዚያ ጠብ በፊትም ደርቆ ነበር።

"አይጣሉበትም?" አሉ ምዜ ጋልጋሎ። "እንግዲያው ዋጋ የለውም። ዋጋ ያለው ነገር ሰው ይጣላበታል።"

"ዋጋማ አለው!" አሉ ሐጂ። "ባለቤቱ ስላልመጣ ነው።"

"ባለቤቱን እኔ አገኝልሃለሁ።" ምዜ ጋልጋሎ ከጆንያው ወረዱ። ጉልበታቸው ታማሚ ነው፤ አባቴ ደግፎ መሬት አስቀመጣቸው። በምርኩዛቸው ጫፍ ወለሉ አቧራ ላይ አንድ ክብ ነገር ሳሉ። "ይህ ተራራው ነው። ሐዋ በየት በኩል ናት አልክ፣ ሐጂ?"

"ጅዳ? በምዕራብ።"

"አደም ሚስቱን ፍለጋ የሚሄድ ከሆነ ጣቱ ወደ ምዕራብ ያያል። ቶማስ ከየት መጣ፣ ሮዝ?"

"ከኢየሩሳሌም።"

"ከምዕራብ መጥቶ ከወጣ ጣቱ ወደ ምሥራቅ ያያል። ያ የእነሱ ሰውዬስ፣ ልጄ? ዓይኑን የጨፈነው?"

"ቡድሃ? ከሰሜን መጣ ይላሉ።"

"ስለዚህ ወደ ደቡብ።" ምርኩዙን አቀኑ። "ይህን ያህል ዘመን ሲከራከሩ አንድ ዱካ የሚያነብ ሰው አልነበራቸውም? አውራ ጣቱ ወዴት ነው የሚያየው?"

ሁሉም እኔን አዩ። ከመጋረጃው ኋላ የእናቴም ትንፋሽ ቆመ።

"አላየሁትም" አልኩ። "በጨርቅ ተሸፍኖ ነበር።"

"ጨርቁን አላነሳሽም?"

"ሰልፍ ነበር።"

"ተረከዙንስ?"

"አላየሁም።"

"ዱካ ለማየት ባሕር ተሻግራ" አሉ ምዜ ጋልጋሎ ለአባቴ፣ ለቅሶ እንደሚደርስ ሰው፤ "ጨርቅ አይታ መጣች።"

"አራት ዓመት ያስተማርኳት" አለ አባቴ።

"ዩኒቨርሲቲ ይህን አያስተምሩም?"

"አያስተምሩም" አልኩ። እውነት ነው።

ከዚያ ረስተውኝ እርስ በርስ ተያያዙ። ሐጂ፣ ጣቱ ወደ ምዕራብ እንደሆነ ማየት አያስፈልግም፣ ያለ ጥርጥር ምዕራብ ነው አሉ። ማማ ሮዝ ያለ ጥርጥር ከሆነ ለምን ላብ ያልብዎታል አለቻቸው። ምዜ ጋልጋሎ ሁለቱንም በምርኩዝ ዝም አሰኙ። ያላዩትን ዱካ የሚመሰክሩ ሰዎች ስንት መንደር እንዳጣሉ ዘረዘሩ። የጠፋ ከብት ዱካ አንድ መንደር ከገባ፣ መንደሩ ዱካው መውጣቱን ማሳየት አለበት፤ ካላሳየ ከብቱን ይከፍላል። ታዲያ እዚያ ተራራ ላይ አንድ ሰው ገብቷል፤ መውጣቱን ያሳየ የለም። በእርሳቸው ሕግ ከሆነ የስሪላንካ ሰዎች አንድ አደም አለባቸው።

"ወይም አንድ ቶማስ" አለች ማማ ሮዝ።

"ወይም አንድ ቶማስ። ሰው መላክ አለበት።"

"ማን ይላክ?" አሉ ሐጂ። "እኔ ዘንድሮ ሱቁን ጥዬ..."

"አንተ ሐጂ ነህ፣ ምዕራብ ሆኖ ታገኘዋለህ። ሮዝን ብንልክ ምሥራቅ ይሆናል። መንገዱን የምታውቅ፣ ወገን የሌላት ይቺ ናት።" ምርኩዙ ወደ እኔ ተዘረጋ። "ማየት ባትችልም።"

ሐጂ አብዱብ ጢማቸውን ያዙ። ልጅቷ ትቅር ሊሉ እንደመጡ የታወሳቸው መሰለኝ፤ ግን አሻራው የአደም ሆኖ ሲገኝ ወሬውን መስጊድ በር ላይ የሚያበስረው ማን እንደሆነም ታወሳቸው። "ሁለተኛ ብትሄጂ" አሉኝ፣ ዓይኔን እያዩ፣ "ጨርቁን ያነሱልሻል?"

ሁሉም ነገር እዚያች ጥያቄ ላይ ቆመ። ጠባቂው ያለኝን ብናገር፣ አሻራው ዓለት ሥር ነው፣ ሰው አያየውም ብል፣ ላኪም ተላኪም አይኖርም፤ ሐጂ ወደ አበባው ይመለሳሉ፣ እኔ ወደ በርጩማው። ዕድሜዬን በሙሉ ዝም ያልኩት ቃሉ ስለሚጠፋብኝ ነው። ያን ቀን ቃሉ ምላሴ ላይ ተዘጋጅቶ፣ በእንግሊዝኛም በአማርኛም፣ ነበር።

"እጠይቃቸዋለሁ፣ ሐጂ" አልኩ።

"ትጠይቃቸዋለች" አሉ ሐጂ ለሁሉም። "ጨዋ ልጅ ናት። ጨዋን እምቢ አይሉም።"

"ትሂድ" አሉ ምዜ ጋልጋሎ።

"ትሂድ" አለች ማማ ሮዝ፣ ሽማግሌ እንዳልሆነች ረስታ፤ ሌሎቹም ረስተዋት ነበርና ድምጿ ተቆጠረ። ምዜ ጋልጋሎ እጃቸውን ዘርግተው መረቁ። ዓይኗ ይከፈት፣ ጨርቁ ይገለጥ፣ ጣቱ ይታይ። ሐጂ "አሚን" አሉ፣ ማማ ሮዝ "አሜን"፤ እኔም ድምፄን ዝቅ አድርጌ በሁለቱ መሐል አንድ ነገር አልኩ።

ሲወጡ አባቴ ወለሉ ላይ የተሳለውን ተራራ በእግሩ ሊያጠፋው ሲል ተወው። ዞሮ በላዩ አለፈ።

"ሳጂዳ።"

"አቤት አባ።"

"ያ ነገር... የሚነሳ ነው?"

ለአባቴ ዋሽቼ አላውቅም። "ጨርቁ ይነሳ ይሆናል። ከሥሩ ግን ዓለት ነው። እግሩ ከዓለቱ ሥር ነው፣ ማንም አያየውም አለኝ ጠባቂው።"

አባቴ የጨው ጆንያው ላይ ተቀመጠ። ከመጋረጃው ኋላ እናቴ ትንፋሿን እንደገና አቆመች። ፊቱን አየሁት፤ ደንበኛ ጎደሎ መልስ ሳይቆጥር ተቀብሎት ሲሄድ የሚያደርገውን ፊት ነው ያደረገው። የጎደለውን ገንዘብ ሁልጊዜ ሮጦ ይመልሳል፤ አሁን ግን ከጆንያው አልተነሳም።

"አንቺ ገና አልተናገርሽም" አለኝ። "እኔም አልሰማሁም። ሽማግሌ ትሂድ ካለ እኔ ምን አቅም አለኝ?"

"ምን አቅም አለው!" አለች እናቴ መጋረጃውን ገልጣ፤ ዓይኗን በሻሿ ጫፍ ጠረገችና ወዲያው ሹራብ እንደሚያስፈልገኝ መናገር ጀመረች።

ሰኞ መልሱን ላክሁ። ያን ሳምንት ከተማው በሙሉ ጣት ጣት ሲል ሰነበተ። ስለ አበባው ያነሳ ሰው አልነበረም። ሊበን ፎቶውን ከመስኮቱ ለማውረድ ጭራሽ እምቢ አለ፤ የጉዳዩ ማስረጃ ነው አለኝ። በየመንገዱ የሚያገኙኝ ሰዎች ከሰላምታው ቀጥለው፣ ከእናቴና ከፍየሎቹ ቀጥለው፣ ወዴት ይመስልሻል ይሉኛል። "እንጃ" እላለሁ። አንዳንዱ፣ አንድ ወገን ከፍሎኝ ዝም ያልኩ ይመስለዋል።

ከመሄዴ በፊት ሐጂ አብዱብ ሱቃቸው ጠሩኝ። ሩዙን ጀርባ ሰጥተው ቆሙ። ከኪሳቸው ትንሽ ክብ ቆርቆሮ አወጡ፤ በውስጡ መርፌ ይዋልላል። መካ ሲሄዱ የገዙት የቂብላ፣ የሶላት አቅጣጫ፣ ማሳያ ነው፤ ለማንም አስነክተው አያውቁም።

"አጠገቡ ሆነሽ በዚህ ለኪው" አሉኝ። "ቸኩለሽ አታንሺው። መርፌው እስኪረጋ ጠብቂ።"

"እሺ ሐጂ።"

"ምዕራብ ከሆነ፣ በዚያው ሰዓት ለአባትሽ ደውዪ። ጮክ ብሎ ይናገር፣ እኔ በሩ ላይ እሆናለሁ።"

"እሺ።"

ግራ ቀኝ አዩ። መንገዱ ላይ አንድ የአህያ ጋሪ ብቻ ነበር፤ እስኪያልፍ ጠበቁት።

"ምዕራብ ካልሆነ ግን" አሉ፣ ቆርቆሮውን መዳፌ ላይ አድርገው ጣቶቼን በእጃቸው እየጠቀለሉ፣ "ለእኔ ብቻ ንገሪኝ።"